ከመቁረጫ ነጥቡ በፊት፦ ለገጠር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጥ የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ በሚገኙ የደቡብ ወሎ ወረዳዎች የሚማሩ የገጠር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ከዩኒቨርሲቲ የሚደርሳቸውን ድጋፍ ይመረምራል። ጽሑፉ በታወቁ አሠራሮችና በታተሙ ውጤቶች ትንተና ላይ የተመሠረተ እንጂ አዲስ የመስክ መረጃ የሚያቀርብ አይደለም። በአሁኑ ጊዜ ሁለት የድጋፍ ዓይነቶች አሉ፤ አንደኛው ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚካሄደው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ትምህርት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የመጀመሪያው ተማሪውን በጊዜ፣ ሁለተኛው ደግሞ በርቀት ስለሚያጣራ ከሁለቱም ውጭ የሚቀር የተማሪ ክፍል አለ፣ ይህም ክፍል ድጋፉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ነው የሚል ነው። ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ፣ የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ የገጠር ተማሪዎች፣ ደቡብ ወሎ

መግቢያ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ890,000 በላይ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 ከመቶ ያህል ነው። በ2015 ቁጥሩ ወደ 27,267 (3.2 ከመቶ) ወረደ። በ2016 ወደ 36,409 (5.4 ከመቶ)፣ በ2017 ደግሞ ወደ 48,929 (8.4 ከመቶ) ከፍ አለ። ውጤቱ በየዓመቱ ይፋ ሲሆን የሕዝብ መነጋገሪያ የሚሆነው የአላፊዎቹ ማነስ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከመጠኑ ይልቅ ሥርጭቱ ይበልጥ ይናገራል። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

አንድ ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ ሳያሳልፍ ሲቀር የተማሪው ትጋት ወይም ስንፍና በቂ ማብራሪያ መሆኑ ያበቃል። በዚያ ትምህርት ቤት ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ተማሪ እንኳ ደረጃውን የሚለካው ከጎኑ ከተቀመጡት ጓደኞቹ ጋር ብቻ ነው፤ ከሌላው አገር ተማሪ ጋር ሲመዘን የት እንዳለ የሚያውቀው የፈተናው ውጤት ሲነገር ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ለማረም የቀረ ጊዜ የለም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች በቂ ውክልና ለሌላቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች የሚሰጡት ድጋፍ መቼ ይጀምራል፣ እስከ የትስ ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የፈተና አስተዳደር ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች እኩል ሊመረመር ይገባዋል።

ጥናቱ ያተኮረበት አካባቢ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ የኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚገኝበት ነው። በቅርብ ርቀት ደሴ ዙሪያ፣ ኩታበር፣ ተሁለደሬ፣ ቃሉ፣ አልብኮና ወረባቦ ወረዳዎች አሉ። ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ ለጋምቦ፣ ሳይንትና ቦረና ይገኛሉ፤ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ለምዕራቡ ክፍል ዘግይቶም ቢሆን ዋና ግቢው ቱሉ አውሊያ የሆነና በመካነ ሰላምም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። በአንድ ዞን ሁለት ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ግን የዞኑን ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነገር በራሱ አይደለም፤ የተማሪ ምደባ የሚካሄደው በትምህርት ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ ነውና።

በዚህ ላይ የጦርነቱ ጉዳት ተጨምሯል። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 የመጨረሻ አሥር ቀናት ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በጦርነቱ ሥር ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎችና በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። የ2013 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሌላው አገር ተለይተው በሁለተኛው ዙር ፈተና የተቀመጡት በዚያው ዓመት በጥር መጨረሻ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተስፋፋው ግጭት ደግሞ በተለይ ከዋና መንገድ የራቁ ትምህርት ቤቶችን ደጋግሞ አዘግቷል። ዛሬ 12ኛ ክፍል የሚደርስ የደቡብ ወሎ የገጠር ተማሪ በኮሮና ወረርሽኝ፣ በጦርነትና በግጭት ምክንያት ተደጋግሞ የተቋረጠ ትምህርት ይዞ የሚመጣ ነው።

የቀደመው ልምድ

ዩኒቨርሲቲ ከበሩ ወጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ማዘጋጀቱ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ሥራ ሲጀምር፣ ኋላም በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ የተማሪ ምንጭ የሚሆኑት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ነበሩ። በወሎ ጠቅላይ ግዛት ይህን ሸክም በዋናነት የተሸከመው የደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነበር። ከየአውራጃው የሚመጣው ልጅ ደሴ ላይ ቤት ተከራይቶ ወይም ዘመድ ቤት ተጠግቶ፣ ስንቅ ከአገር ቤት እየተላከለት ይማር ነበር። ይህ ሥርዓት ዛሬም አልጠፋም።

ዩኒቨርሲቲው ይህን ጠባብ ምንጭ ለማስፋት ከሞከራቸው መንገዶች አንዱ በትምህርት ፋኩልቲው ሥር ይተዳደር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነው። በየጠቅላይ ግዛቱ 11ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ካጠናቀቁ ተማሪዎች መካከል እየተመረጡ ወደ አዲስ አበባ ይመጡና 12ኛ ክፍልን በዚያ ይማሩ ነበር። የክፍለ ሀገር ልጅ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃውን እንግሊዝኛና የቤተ ሙከራ ልምድ የሚያገኘው ፈተናውን ከመውሰዱ አንድ ዓመት ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ጥቂት ተማሪ ስለነበር የአገሪቱን ችግር ፈታ ሊባል አይችልም። ነገር ግን በአሠራሩ ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች ነበሩ፤ ምርጫው ከፈተናው በፊት መካሄዱና የተማሪው ማደሪያ የዕቅዱ አካል መሆኑ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተቃራኒውን አቅጣጫ ያዘ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በመምህርነት ነበር። አገልግሎቱ በታሪክ ድርሳናት የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከተማሪዎች ንቅናቄ ጋር ተያይዞ ነው። በትምህርት ቤቶች ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ያን ያህል አልተጠናም፤ የታሪክ ትምህርት ክፍል የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ርዕስ ነው።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ተብሎ ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ፤ የብዙዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ዘመንም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ተላልፎ ተሰጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2012 የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ይህ በከፊል ታረመ። በዚያው የማሻሻያ ሂደት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ።

የ10ኛ ክፍል ፈተና መቅረት በብዙ ረገድ ተገቢ ነበር፤ ብዙ ወጣቶችን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከትምህርት ገበታ ያስወጣ ነበርና። ሆኖም ያስከተለው አንድ ጉዳይ በቂ ትኩረት አላገኘም። አሁን አንድ ተማሪ ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ለአራት ዓመት ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚዘጋጅ ምዘና አያገኝም። የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የሚመርጠውም በዚህ መካከል፣ ወደ 11ኛ ክፍል ሲያልፍ ነው። በከተማ ያለ ተማሪ ይህን ክፍተት በግል አስጠኚ፣ በተንቀሳቃሽ ስልክ በሚያገኛቸው የሙከራ ፈተናዎችና ዩኒቨርሲቲ በገቡ ታላላቆቹ ምክር ይሞላዋል። ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ተማሪ የሆነው የደጋ ልጅ ግን በሪፖርት ካርዱ ላይ ካለው የክፍል ደረጃ ሌላ መረጃ የለውም።

ከፈተናው በኋላ የሚመጣው ድጋፍ

የ2014ቱ ውጤት ያስከተለው ዋና እርምጃ የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በተለምዶ «ሪሚዲያል» የሚባለው ነው። 50 ከመቶ ያላመጡ ነገር ግን ከተወሰነ የመቁረጫ ነጥብ በላይ ያሉ ከ100,000 በላይ ተማሪዎች በ2015 ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን ለወራት እንዲከልሱ ተደረገ። ከመጨረሻው ውጤት 30 ከመቶው በዩኒቨርሲቲው ተከታታይ ምዘና፣ 70 ከመቶው ትምህርት ሚኒስቴር በሚያዘጋጀው ማዕከላዊ ፈተና እንዲሆን፣ ያለፉትም ወደ መጀመሪያ ዓመት እንዲገቡ ተወሰነ።

ፕሮግራሙ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ከጎዳና የመለሰ በመሆኑ በቀላሉ የሚተች አይደለም። በትምህርት ሚኒስቴር በኩልም ዩኒቨርሲቲዎች ባዶ እንዳይቀሩ ያደረገ ነው። ሆኖም በቂ ውክልና የሌላቸውን ተማሪዎች ከማገዝ አንጻር ሲመዘን ሦስት ጠባዮቹ ጎልተው ይታያሉ።

ለፕሮግራሙ የሚመረጡት ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ያሉት ናቸው። ይህ በትምህርት ረገድ ተገቢ ነው፤ በጥቂት ወራት ክለሳ መስመሩን ሊሻገሩ የሚችሉት እነርሱ ናቸውና። ነገር ግን ከመስመሩ አጠገብ የሚገኘው ማን ነው? አንድም ተማሪ ባላሳለፈ ትምህርት ቤት ያለው ተማሪ ከመስመሩ አጠገብ የመገኘት ዕድሉም ያነሰ ነው። ልዩነቱን የፈጠሩት ያለፉት አራት ዓመታት ስለሆኑ ማሻሻያው ልዩነቱን ሳይነካ በአዲስ ነጥብ ላይ ይደግመዋል።

ሌላው የአዎንታዊ ድጋፉ መለኪያ ነው። በመደበኛው አሠራር ዝቅ ያለ የመቁረጫ ነጥብ የሚሰጠው ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በታዳጊነት ለተለዩ ክልሎች ተማሪዎች ነው። የልዩነቱ አሃድ ክልል ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሲወረድ አፋር ክልል ይገባል፤ በወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያሉ፣ አንድ ዓይነት ድርቅና አንድ ዓይነት የትምህርት ቤት እጦት የሚጋሩ ሁለት ወንድ ተማሪዎች ሁለት የመቁረጫ ነጥብ አላቸው። በተቃራኒው የመሐል ሳይንት ተማሪና የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ አንድ የመቁረጫ ነጥብ አላቸው። ለአፋር ተማሪ የሚሰጠው ድጋፍ ይቀነስ የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም። የሚወጣው፣ በአንድ ክልል ውስጥ ያለው የወረዳና የትምህርት ቤት ልዩነት በዚህ መለኪያ እንደማይታይ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙም አይነገርም። የአቅም ማሻሻያ ተማሪዎችም የሚመደቡት በአገር አቀፍ ደረጃ ስለሆነ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምራቸው ተማሪዎች የግድ የወሎ ልጆች አይደሉም። ዩኒቨርሲቲው መምህራኑንና ማደሪያውን ለፕሮግራሙ ሲያውል በአጥሩ ዙሪያ ላሉ ወረዳዎች የሠራው ሥራ እንዳለ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም። ለእነዚህ ወረዳዎች የሚቀረው በማኅበረሰብ አገልግሎት ስም የሚከናወነው ሥራ ብቻ ነው።

በግቢ ውስጥ የሚሰጠው ድጋፍ

ከማኅበረሰብ አገልግሎቶቹ መካከል ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቀጥታ የሚደርሰው የስቴም ማዕከል ነው። በቢሾፍቱ በፎቃ የተጀመረውና ስቴምፓወር በተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት ድጋፍ ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፋው ይህ አሠራር የአካባቢው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ የኮምፒውተር፣ የኤሌክትሮኒክስና የመሠረታዊ ሳይንስ ቤተ ሙከራዎችን እንዲጠቀሙ ያደርጋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ማዕከል ካላቸው አንዱ ነው። ተማሪው በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቀውን መሣሪያ በእጁ እንዲነካ ማድረጉ ከፍ ያለ ጥቅም አለው፤ ለብዙ ልጆች ፊዚክስ የሚታጠን ቃል መሆኑ ቀርቶ ነገር የሚሆነው በዚህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከሰዓቱና ከቦታው ነው። ቅዳሜና እሑድ ወይም ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ ትምህርት በእግር ወይም በባጃጅ ግቢ መድረስ የሚችልን ተማሪ ይመርጣል፤ ለወይዘሮ ስሂን፣ ለሆጤ፣ ለመምህር አካለ ወልድ ወይም ለኮምቦልቻ ከተማ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ይመቻል። ለደሴ ዙሪያ ወረዳ ተማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወረዳው ከተማዋን ከቦ የሚገኝ ቢሆንም ከጉጉፍቱ ደጋ ለሚመጣ ልጅ የደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪ አለ። ደሴ ቤት ተከራይቶ የሚማረውም ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት፣ ገበያና የእርሻ ሥራ የሚያግዝበት ቀን ነው። በምዝገባ ወረቀቱ ላይ «ለሁሉም ክፍት» የሚል ቢጻፍበትም የቀኑ ምርጫ ራሱ ያገለዋል።

የሴት ተማሪዋ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ የድጋፉ ጊዜ ወሳኝ መሆኑ ይበልጥ የሚገለጸው በእርሷ ነው። ደቡብ ወሎ ወጣት ሴቶች በብዛት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከሐምሌ 2009 ጀምሮ ደግሞ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከትምህርት ለወጡ ሴቶች ሌላ የሥራ በር ከፍቷል። ለእርሷ የሚቀርበው ጥያቄ «ዩኒቨርሲቲ ትገቢያለሽ ወይ?» የሚል አይደለም። ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ላይ ሆና ቤተሰቡ የሚመዝነው በእጅ ያለውን ገቢ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ከሚመጣ፣ ያውም 92 ወይም 97 ከመቶ ተማሪ ከሚወድቅበት ፈተና ጋር ነው። ቤተሰቡ በዚህ ስሌት ልጁን ከትምህርት ቢያስቀር አላዋቂነት አይደለም፤ ባለው መረጃ ትክክለኛ ስሌት ነው። ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ለሴት ተማሪዎች የሚደረገው የነጥብ ቅናሽ ለፈተናው የደረሰችውን ይረዳል እንጂ በ10ኛ ክፍል ለወጣችው የሚያደርገው የለም። ስሌቱን ሊቀይር የሚችለው ልጅቷ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ፣ ለቤተሰቧም የሚታይ ነገር ነው፤ የክረምት ማደሪያ፣ የትራንስፖርት ድጎማ፣ በስሟ የተጻፈ የምዘና ውጤት።

ከሌላ አገር የሚገኝ ማስረጃ

በዚህ ዘርፍ ብዙ የተጠናው የአሜሪካው «አፕዋርድ ባውንድ» ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በድህነት ቅነሳ ሕጎች ሥር የተጀመረ ሲሆን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና ወላጆቻቸው ዲግሪ የሌላቸውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በትምህርት ዓመቱ በማጠናከሪያ ትምህርት፣ በክረምት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ግቢ በማሳደር ያስተምራል። በ1990ዎቹ ማቲማቲካ የተባለው የምርምር ድርጅት አመልካቾችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሲያጠና ያገኘው ውጤት ብዙዎችን አስደንግጧል። ፕሮግራሙ በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ ኮሌጅ በመግባት ረገድ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላመጣም። ከፍተኛ ለውጥ የታየው መጀመሪያ ላይ «ዲግሪ እይዛለሁ» የሚል ተስፋ ባልነበራቸው ተማሪዎች ላይ ነበር። የጥናቱ ስሌት በኋላ ክርክር አስነሥቷል፤ የዚህ የመጨረሻው ግኝት አቅጣጫ ግን ለደቡብ ወሎ ትርጉም አለው። ድጋፍ ሰጪዎች በተፈጥሮ የሚመርጡት ጎበዙን፣ ዓላማ ያለውንና ራሱ የሚያመለክተውን ተማሪ ነው። ያ ተማሪ ግን ያለ ድጋፉም የመግባት ዕድል ያለው ነው። ለአንድ ቦታ የሚወጣው ገንዘብ ይበልጥ ውጤት የሚያመጣው ሳይጠየቅ በማያመለክተው ላይ ነው ማለት ነው።

እርግጥ የሁለቱ አገሮች ሁኔታ አንድ አይደለም። በአሜሪካ የተማሪው ጥያቄ የትኛው ኮሌጅ የሚል ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን መስመሩ አንድ ነው፤ ያውም ጠባብ። ስለዚህ ተስፋን መቀስቀስ ብቻውን በቂ አይሆንም። የእንግሊዝኛና የሒሳብ መሠረት ካልተጠገነ ተስፋ ሰጥቶ ከመስመሩ በታች መተው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ምንም ካለማድረግ የከፋ ነው።

በእጅ ያለው አቅም

እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲነሣ ቀድሞ የሚሰማው መልስ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪ የሚያሳድሩበት አቅም የላቸውም የሚል ነው። የ2014ቱ ፈተና ግን ይህን መልስ አዳክሞታል። ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል በጥቅምት 2015 ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ሲወሰን፣ በአገር ደረጃ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከየወረዳው ተጓጉዘው በግቢዎች አድረዋል፣ ተመግበዋል፣ ተፈትነው ተመልሰዋል። ለብዙ የገጠር ተማሪ ይህ የዩኒቨርሲቲን በር የረገጠበት የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ ለአብዛኛውም የመጨረሻው ሆኗል። ተማሪን ለመፈተን የተቻለው ማጓጓዝና ማሳደር ለማስተማር የማይቻልበት ምክንያት በጀትና የዓላማ ቅደም ተከተል እንጂ የአሠራር ዕውቀት ማጣት አይደለም።

የሰው ኃይሉም ሙሉ በሙሉ የጠፋ አይደለም። በየዓመቱ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየተወለዱበት አካባቢ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። አገልግሎቱ በጎ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ የሚለካው በተሳታፊ ብዛት ነው፤ ማን ምን ያህል ተማረ ተብሎ አይጠየቅም። የድሮው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በክረምት መልክ ቢታደስ፣ ከወረባቦ የመጣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ወረባቦ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲው ያዘጋጀውን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል የሒሳብና የእንግሊዝኛ ምዘና ይዞ ሊሄድ ይችላል። የምዘናው ውጤት ለተማሪው ተገልጾ ቢሰጠው፣ በ10ኛ ክፍል ፈተና መቅረት የተፈጠረው የመረጃ ክፍተት ማንንም ከትምህርት ሳያስወጣ በከፊል ይሞላል። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከፊሉ በኮምፒውተር መሰጠቱም ሌላ ምክንያት ነው፤ መዳፊት ነክቶ የማያውቅ ተማሪ በፈተናው ቀን የሚፈተነው በሁለት ነገር ይሆናል። የስቴም ማዕከሉ መሣሪያ በክረምት ሁለት ሳምንት ለአዳሪ የገጠር ተማሪዎች ቢመደብ የከተማውን ተማሪ የቅዳሜ ቦታ አይነጥቅም።

የወረዳ ክፍፍሉም ለድርድር የሚመች ነው። የምዕራቡን ወረዳዎች መቅደላ አምባ፣ የምሥራቁንና የመካከለኛውን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቢይዙ ከደሴ መካነ ሰላም ድረስ የሚያስኬድ ነገር የለም። የጸጥታው ሁኔታ መምህራን ወደ ወረዳ እንዲወጡ በማይፈቅድበት ጊዜ ተማሪውን ወደ ግቢ ማምጣት፣ መንገዱ ለተማሪው በማያስተማምንበት ጊዜ ደግሞ የታተመ የምዘናና የመለማመጃ ጥራዝ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል መላክ ይቻላል። የኋለኛው ደካማ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌ ከምንም ይሻላል።

የተማሪው ምርጫ ከሁሉም የከበደ ነው። ምርጫው ለትምህርት ቤቶች ከተተወ የሚላከው የክፍሉ አንደኛ ወይም የታወቀ ሰው ልጅ ነው። በማመልከቻ ከሆነ መረጃው የደረሰው ያመለክታል። እዚህ ላይ የተሻለ የሚሆነው መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን መምረጥ፣ ማለትም ባለፉት ዓመታት አንድም ወይም ከሁለትና ከሦስት ያልበለጠ ተማሪ ያሳለፉትን መለየት፣ ከዚያም በየትምህርት ቤቱ ከመካከለኛ ውጤት በላይ ካላቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ ተደርጎ በይፋ ዕጣ ማውጣት ነው። ዕጣ በትምህርት ጉዳይ ለብዙ ወላጅ ደስ አይልም፤ ዕድል እንጂ ትጋት አይመስልም። ነገር ግን ቦታው ከፈላጊው ባነሰበት ቦታ ሁሉ አድልዎን የሚከላከል የታወቀ መንገድ ነው። ለአጥኚም ሌላ ጥቅም አለው፤ ዕጣ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው ተማሪዎች በሌላው ነገር ተመሳሳይ ስለሚሆኑ ከአራት ዓመት በኋላ የ12ኛ ክፍል ውጤታቸው ሲነጻጸር ፕሮግራሙ የሠራውን ከተማሪው ተፈጥሯዊ ችሎታ ለይቶ ያሳያል።

ለአቅም ማሻሻያው ፕሮግራምም ተመሳሳይ ጥናት አሁኑኑ ሊጀመር ይችላል፤ ዕጣም አያስፈልገውም። የመግቢያ መቁረጫውን በአንድና በሁለት ነጥብ ያለፉትና በአንድና በሁለት ነጥብ ያጡት ተማሪዎች በችሎታ እምብዛም አይለያዩም፤ የሁለቱ ወገኖች ቀጣይ ዕጣ ፈንታ ቢጠና የፕሮግራሙ እውነተኛ ውጤት ይታወቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው በፈተና ሰጪው አካል ዘንድ ያለው የነጥብ መረጃ ነው። በዩኒቨርሲቲው በኩል ደግሞ ሬጅስትራሩ ተማሪው ሲመዘገብ ሦስት ተጨማሪ ነገሮች ሊጠይቅ ይገባል፤ 8ኛ ክፍልን የጨረሰበት ትምህርት ቤትና ወረዳ፣ ሁለተኛ ደረጃን የተማረው ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ወይስ ቤት ተከራይቶ፣ እንዲሁም ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው መኖር አለመኖሩ። የ8ኛ ክፍሉ ትምህርት ቤት በተለይ የሚጠየቀው ከጉጉፍቱ ወይም ከአልብኮ መጥቶ ደሴ ከተማ የተፈተነ ተማሪ በ12ኛ ክፍል ሰነዱ የሚታየው የደሴ ልጅ ሆኖ ስለሆነ ነው።